ገንዘቡን ከመላክህ በፊት

ቆይ፣ ገንዘቡን ገና አትላክ። እስቲ ስልኩን ወደኔ አዙረው። ለሱባሩ ኤስቲአይ መኪናህ የሚሆን ያገለገለ ሊንክ ኢሲዩ፣ ማለትም የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፤ «ከመኪና የወጣ፣ የሚሠራ» ይላል፤ ፎቶው ግን አንድ ብቻ። ዋጋው እንደሚያጓጓ አይቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና መጀመሪያ ሰውየውን በደንብ ጠይቀው።

ሊንክ ለዚህ መኪና የሚሠራው ኮምፒውተር ሽቦ ሳይቆረጥ የፋብሪካው ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው። ሱባሩ ደግሞ ሶኬቱን በየጊዜው ስለቀያየረ የአንዱ ዓመት ለሌላው ላይሆን ይችላል። «ለኤስቲአይ ነው» ስላለህ ብቻ አትርካ፤ ከየትኛው ዓመት መኪና እንዳወጣው ይንገርህ። ፒኖቹንም በቅርብ አንሥቶ ይላክልህ። አረንጓዴ ዝገት ካየህ ውሃ ነክቶታል። ክዳኑን ከፍቶ ቦርዱን ሲያሳይህ የጠቆረ ወይም እንደገና የተበየደ ቦታ ካለው ተወው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን በፎቶ የማይታየው ቁልፉ ነው። ሞተሩን ያስተካከለው ባለሙያ ሥራው እንዳይቀዳበት ኮምፒውተሩን በፓስወርድ ሊቆልፈው ይችላል። ያለፓስወርዱ ከገዛኸው ውስጡ ያለውን ሥራ መክፈት አትችልም። ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ ማፑ፣ ማለትም ቤንዚኑንና እሳቱን የሚመጥነው ቅንብር፣ ሲስተካከል፣ ሲሪያል ቁጥሩም ሲነበብ በቪዲዮ ያሳይህ። ኮብ የሚሠራውን አክሰስፖርት የሚባል የሞተር ማስተካከያ መሣሪያ ብትገዛም ያው ነው፤ ከአንድ መኪና ጋር አንዴ ከተጣመረ፣ ሻጩ በሥርዓት ሳያራግፈው ያንተን መኪና አያስተካክልልህም። ሞቴክ የሚባለው የሞተር ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እንደ ዳታ ቀረጻ ያሉ አገልግሎቶች ለብቻቸው ተከፍሎባቸው ነው የሚከፈቱት፤ የትኞቹ እንደተከፈቱ ሳታውቅ ዋጋ አትቁረጥ።

እሺ፣ ዕቃው እጅህ ገባ እንበል። ውስጡ ባለው ማፕ እንዳትነዳ፣ አደራህን። ያ ማፕ የተሠራው ለሰውየው ኢንጀክተር፣ ለሰውየው ተርቦ፣ እሱ ለሚቀዳው ቤንዚን ነው። ያንተ ሞተር ላይ ቤንዚኑ ካነሰ ወይም እሳቱ ከቀደመ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለጊዜው ይፈነዳል። የኤስቲአይ 2.5 ሊትር ሞተር ፒስተን ደግሞ ፋሻው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አትበለኝ። ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ የሚያስተካክልልህን ባለሙያ ክፍያ ከዕቃው ዋጋ ጋር ደምረህ አስብ፤ ሁለቱን ካልቻልክ ታገሥ።

የፋብሪካውን ኮምፒውተር በምንም ተአምር እንዳትሸጠው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ፤ ማሽኑ የሚያነበውም ከመኪናው ኮምፒውተር ነው። ሌላ ተክተህበት ብትሄድ ችግር ላይ ትወድቃለህ። የጭስ መቆጣጠሪያን የሚያጠፋ ዕቃ መሸጥ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ ኮብ ራሱ በ2024 ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ለውድድር ሜዳ መኪና ብቻ አስበው።

ነገ አንተም ሻጭ ትሆናለህ። ያን ጊዜ ቁልፉን ፈትተህ፣ ኬብሉን ጨምረህ፣ ጉድለቱንም ሳትደብቅ ጽፈህ ሽጥ። ገዢው ባንተ ቃል ተማምኖ ነው ሞተሩን የሚያስነሣው፤ የሰው ሞተር አቃጥሎ የሚገኝ ገንዘብ በረከት የለውም።

ወደዚህኛው ግዢ ስንመለስ፣ ክፍያውን በዜል አታድርገው። ፔይፓል ላይም ለጓደኛና ለቤተሰብ የሚለውን አትንካ፤ ብትታለል ገዢን የሚከላከል ዋስትና የለውም። የዕቃ ግዢ የሚለውን ምረጥ፣ ኮሚሽኗንም አንተ ቻላት።

በል አሁን ጻፍለት፦ የመኪናው ዓመት፣ ፓስወርዱ፣ ቪዲዮው። ደህና ሻጭ ከሆነ ሳያንገራግር ይልክልሃል። «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ካለህ ለዚያው ይሽጥለት። ለፍተህ ያገኘኸውን ደሞዝ ለሚያጣድፍህ ሰው አትስጥ።