ስለ ተኛው ጀርም፦ መንጋጋ ቆልፍና አባ ሰንጋ ከቤታችን እንዲርቁ

ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ ትምህርት

ለጠላ የሚሆን ብቅል ስታበቅሉ፥ ገብሱ በጎተራ ሳለ ደረቅና ቀዝቃዛ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ነክራችሁ በቅጠል ስትሸፍኑት ግን ይሞቃል፤ እጅ ቢገባበት ሙቀቱ ይሰማል። ሙቀቱ ከየት መጣ? ተኝቶ የነበረው ፍሬ ነቅቶ በኃይል መተንፈስ ስለ ጀመረ ነው።

በዓይን ከማይታዩት ጀርሞች መካከልም እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ብዙዎቹ ጀርሞች ምግብና ርጥበት ሲያጡ ይሞታሉ። አንዳንዶቹ ግን ኑሮ ሲከፋባቸው በውስጣቸው አንዲት ጠንካራ ፍሬ ይሠራሉ። ይህች ፍሬ ስፖር ትባላለች። ልባሷ ወፍራም ነው፤ በውስጧ ያለው ውሃም ጥቂት ነው። የጎተራ ገብስ እንኳ በጥቂቱ ይተነፍሳል፤ የስፖር ትንፋሽ ግን በመሣሪያ ቢፈለግ የማይገኝ ያህል ነው። ስለማትተነፍስ ምግብ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ በዐፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ትቆያለች። ምቹ ቦታ ስታገኝ ውሃ ትመጣለች፥ ልባሷን ትጥላለች፥ ኃይል ማውጣት ትጀምራለች፥ እንደ ገና ጀርም ሆና ትራባለች። ታዲያ የእኛ ሥራ ሁለት ነው፦ የተኛችው እንዳትነቃ፥ አዲስም እንዳትሠራ ማድረግ።

መንጋጋ ቆልፍ፦ አየር ሲያጣ የሚነቃ

የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አየር አይወድም። ኃይሉን የሚያገኘው፥ በጋን ተከድኖ እንደሚብላላ ጠላ፥ ምግቡን ያለ አየር በማብላላት ነው። በ1889 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ኪታሳቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በበርሊን ከተማ ይህን ጀርም ለብቻው ያሳደገው በዚህ ጠባዩ ነው። በ80 ዲግሪ ሙቀት ሌሎቹን ጀርሞች ገደለ፤ ስፖሯ ግን ተረፈች። አየር በሌለበት ዕቃ ሲያኖራት በቀለች።

ይህች ስፖር በዐፈር፥ በእበትና በፋንድያ ውስጥ አለች። እጃችን ላይ ብትሆን አትነቃም፤ ሚስማር በወጋው ጥልቅ ቁስል ወይም በተቆረጠ እትብት ግን ትነቃለች፤ በዚያ ደም አይዘዋወርም፥ አየርም አይደርስምና። በእትብት ላይ እበት የሚቀባ ሰው ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ያደርሳል፤ ስፖሯን ያመጣል፥ አየሩንም ይዘጋል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ደኅና ይጠባል። ከ3ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ግን መጥባት ያቅተዋል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ያንቀጠቅጠዋል። ይኸን ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አባ ሰንጋ፦ አየር ሲያገኝ ፍሬ የሚሠራ

የአባ ሰንጋ ነገር ተቃራኒ ነው። ከብቱ ሲሞት ጀርሙ በደሙ ውስጥ ሞልቷል። ሬሳው ሳይከፈት ከቀረ በውስጡ አየር ስለሌለ ስፖር መሥራት አይችልም፤ ሥጋው ሲበሰብስ እርሱም በጥቂት ቀን ይሞታል። ቢላዋ ሲነካውና ደሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ግን ስፖር ይሠራል፤ መሬቱም ይበከላል። በስኮትላንድ አጠገብ ግሩናርድ በምትባል ደሴት በ1942 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለጦር መሣሪያ ፈተና የተበተነው የአባ ሰንጋ ስፖር፥ በ1986 መሬቱ በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስ አልጠፋም ነበር።

በሬ የሞተበት ሰው ቆዳውንና ሥጋውን እንኳ ላትርፍ ቢል ሐዘኑ ይገባናል። ዳሩ ግን አንድ በሬ ለማትረፍ ሲሉ ቤተ ሰብንና የግጦሽ መሬትን ማጣት አለ።

ማድረግ የሚገባን

1ኛ/ ነፍሰ ጡር እናት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትከተብ። ከዚህ በፊት ያልተከተበች ከሆነች ቢያንስ ሁለት ጊዜ፥ በመካከሉ አራት ሳምንት አሳልፋ ትከተብ። ክትባቱ የጀርሙን መርዝ ያመክናል፤ ለሚወለደውም ሕፃን ይተርፋል።

2ኛ/ በጤና ጣቢያ ውለዱ። በዚያ መሣሪያው በታመቀ እንፋሎት፥ በ121 ዲግሪ ሙቀት ይቀቀላል፤ ስፖርም ይሞታል። ምጥ በቤት ቢደርስ ግን እትብቱ ወረቀቱ ባልተፈታ አዲስ ምላጭ ይቆረጥ፤ አዋላጅዋም እጇን በሳሙና ትታጠብ።

3ኛ/ በእትብት ላይ እበት፥ ዐመድ፥ ቅቤ አታድርጉ። ጤና ሠራተኛ ከሚሰጠው መድኃኒት በቀር ምንም አይነካው።

4ኛ/ የተወጋ እግር በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

5ኛ/ በድንገት የሞተን፥ ይልቁንም ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም የወጣውን ከብት አትረዱ፥ አትግፈፉ፥ አትብሉ። ሥጋው ቢቀቀልም አይታመንም። ውሻ እንዳይቀርበው ጠብቁ፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ አስታውቁ፤ እንደ ታዘዛችሁም ሳይከፈት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

6ኛ/ ከብቱን የነካ ሰው ገላው ላይ መካከሉ ጥቁር የሆነ፥ የማያም ቁስል ቢያይ ቶሎ ይታከም፤ መድኃኒት አለው።

ለመወያያ የሚሆን ጥያቄ

ሀ/ ብቅል ለምን ይሞቃል?
ለ/ እበት እትብትን በየትኞቹ ሁለት መንገዶች ይጎዳል?
ሐ/ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሳይከፈት መቀበሩ ለመሬቱ የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ለጎረቤቶቻችሁና ለልጆቻችሁ አቅርቡ። መልሱን ለሌላ ማስረዳት የቻለ ሰው ትምህርቱን ይዞታል ማለት ነው።