የተጎታች ቤት ባሌስትራ ማያያዣዎችን በራስ እጅ ስለ ማሻሻል

በመኪና ኋላ ታስሮ የሚሳብ፣ መኝታና ማድ ቤት ያለው ተጎታች ቤት በሰሜን አሜሪካ ለብዙ ቤተ ሰብ የዕረፍት ጊዜ ማደሪያ ነው። ይህ ዓይነት ቤት ለአፍሪካ ቀንድም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም የመሩት፣ 41 ተጎታች ቤቶች የነበሩበት ቅፍለት ከኬፕ ታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ በኩል አልፏል።

የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ የሚመለከተው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና መስኮቱን ነው። ዳሩ ግን በመንገድ ላይ ቤቱን ከነዕቃው የሚሸከሙት ከጣት እምብዛም የማይወፍሩ ጥቂት ቡሎኖች ናቸው። እነዚህ በጊዜው ካልተመረመሩ ጉዳቱ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በዚያው መንገድ ለሚያልፈው ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ ክፍሎቹን ማወቅ፣ ሲያልቁም በተሻለ ዓይነት መለወጥ ሊጠና የሚገባው ትምህርት ነው።

1ኛ፤ ስለ ክፍሎቹ

ባሌስትራ ማለት ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ናቸው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያም ስም ነው። የባሌስትራው ጫፎች ተጠቅልለው ክብ ቀዳዳ ይሠራሉ፤ ይህም ዓይን ይባላል። በዓይኑ ውስጥ ቡሽ የሚባል አጭር ቱቦ ይገባል፤ በቡሹ ውስጥ ደግሞ ቡሎን ያልፋል።

ሁለት አክስል ባለው ቤት በየጎኑ ሁለት ባሌስትራዎች አሉ። የፊተኛው ባሌስትራ የፊት ጫፍና የኋለኛው ባሌስትራ የኋላ ጫፍ ከሻንሲው በወረደ መስቀያ ላይ ይታሰራሉ። በመካከል የሚገናኙት ሁለቱ ጫፎች ግን በማያያዣ ሰሌዳዎች አማካይነት በአንድ ማመዛዘኛ ብረት ላይ ይንጠለጠላሉ። አንዱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ ማመዛዘኛው ዘንበል እያለ ሸክሙን ለሁለቱ አክስሎች ያካፍላል። በተለመደው አሠራር በየጎኑ 7 ቡሎኖችና 4 ሰሌዳዎች ሲኖሩ ድምሩ 14 ቡሎኖችና 8 ሰሌዳዎች ይሆናል።

የሸክሙን መጠን ለመረዳት 3,200 ኪሎግራም የሚመዝን ቤት በምሳሌነት ይወሰድ። ከዚህ 400 ኪሎግራም በሳቢው መኪና ላይ ቢያርፍ ለአራቱ ጎማዎች 2,800 ይቀራል፤ ለእያንዳንዱም 700 ኪሎግራም ይደርሰዋል። የማመዛዘኛው መካከለኛ ቡሎን ከሁለቱ ባሌስትራዎች ግማሽ ግማሹን ስለሚቀበል እርሱ ብቻውን 700 ኪሎግራም ያህል ይሸከማል። ይህም ቤቱ ቆሞ ሳለ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ግን ኃይሉ እጅግ ይበረታል።

2ኛ፤ ስለ ጉዳቱ ምክንያት

ብዙዎቹ ቤቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ቡሾቻቸው የናይሎን፣ ቡሎኖቻቸውም ግሪስ የማይቀበሉ ናቸው። ናይሎን ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በሸክም ሥር ሲፈተግ ቶሎ ያልቃል። ቡሹ ካለቀ በኋላ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል፤ ቡሎኑ ይሰረጎዳል፤ የሰሌዳውና የመስቀያው ቀዳዳም ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ አክስሉ ከስፍራው ይንሸራተታል፤ ጎማው ባንድ ወገን ይበላል። በመጨረሻም ቡሎኑ ወይም ሰሌዳው ሲበጠስ ጎማው የቤቱን ወለል ወይም የጎኑን ጎማ ይመታል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው በጥቂት ገንዘብ ከሚገዛ ቡሽ ነው፤ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለእንዲህ ያለው ነገር የተስማማ ነው።

3ኛ፤ ስለ ምርጫ

ለማሻሻያው የሚመረጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ይኸውም የነሐስ ቡሽ፣ መካከሉ ተበስቶ ግሪስ የሚያስተላልፍ ቡሎንና ወፍራም ሰሌዳ ነው። ብዙ ጊዜ የቀድሞው ሰሌዳ ውፍረት ሩብ ኢንች፣ ማለት 6 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ የተሻለው ግማሽ ኢንች፣ ማለት ወደ 13 ሚሊሜትር ነው። የቡሎኑ ውፍረት በተለመደው አሠራር 9/16 ኢንች፣ ማለት 14 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሆኖም ከመግዛት በፊት የዓይኑን ስፋት፣ የቡሎኑን ርዝመትና በሰሌዳው ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ያስፈልጋል። አንዳንድ ተጎታች ቤት ያለ ባሌስትራ፣ በአክስሉ ውስጥ በታሸገ ጎማ የሚሠራ ስለሆነ ይህ ትምህርት ለእርሱ አይሆንም።

4ኛ፤ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል

(ሀ) ቤቱ በጠንካራና በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ከሳቢው መኪና ጋር ሳይለያይ ይቆይ፤ በማይነሣው ጎን ያሉት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይግባላቸው።

(ለ) ጎማ ከመነሣቱ በፊት የጎማው ዳዶዎች በጥቂቱ ይላሉ። ከዚያ ሻንሲው አምራቹ በፈቀደው ስፍራ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ ቤት ሥር መግባት ሞትን መድፈር ነው።

(ሐ) ቡሎን ሲወጣ አክስሉ እንዳይወድቅ ወይም እንዳይንከባለል ለብቻው ይደገፍ፤ የፍሬኑም የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳይወጠር ይጠበቅ። ሥራው በአንድ ጊዜ በአንድ ጎን፣ በዚያም በአንድ ባሌስትራ ብቻ መካሄድ አለበት።

(መ) የወጡት ዕቃዎች ተጠርገው ይመርመሩ። የመስቀያው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ወይም ብየዳው ተሰንጥቆ ቢገኝ አዲስ ቡሎን አያድነውም፤ ሥራው ወደ ባለሙያ በያጅ መመራት አለበት።

(ሠ) ዓይኑ ከተጠረገ በኋላ የነሐሱ ቡሽ በሞርሳ ወይም በቡሎንና በዳዶ ኃይል ቀስ ብሎ ይግባ። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ በመዶሻ ቢመቱት ጫፉ ይደፈጠጣል።

(ረ) የቡሎኑ አንገት ጥርስ ያለው ሆኖ በሰሌዳው ወይም በመስቀያው ቀዳዳ ነክሶ የሚይዝ ነው። ስለዚህ የቡሎኑ ራስ ሳይዞር ዳዶው ብቻ ይጠበቅ፤ ራሱ ቢዞር ጥርሱ ተልጦ መያዝ ያቆማል። በቡሎኑ ጎን ያለው የግሪስ መውጫ ቀዳዳ ሸክም ወደ ሚጫነው ወገን ሳይሆን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይመልከት፤ ያለዚያ በሸክሙ ተደፍኖ ግሪስ አያስወጣም።

(ሰ) ዳዶዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻም በአምራቹ መጠን ይጠበቁ። ሰሌዳው መወዛወዝ ያለበት ክፍል ስለሆነ ከልክ በላይ የጠበቀ ዳዶ እንቅስቃሴውን ያግዳል፤ ከልክ በታች የላላውም ቡሎኑን ያንገጫግጫል።

5ኛ፤ ከሥራው በኋላ ስለሚደረገው ጥንቃቄ

ሥራው ሲፈጸም በቀኝና በግራ ከፊተኛው አክስል መካከል እስከ ኋለኛው መካከል ያለው ርቀት ይለካ፤ ሁለቱ ልኮች ካልተስማሙ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጉዞ አይጀመር። የጎማው ዳዶዎች አስቀድሞ ከጠበቁ በኋላ በ16፣ በ40ና በ80 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ እንደ ገና ይፈተሹ።

ግሪስ የሚሰጠው አዲሱ ግሪስ በቡሹ ጠርዝ ብቅ እስኪል ድረስ ነው። ቡሎኑ ግሪስ አልቀበልም ቢል ሸክሙ በክሪክ ከጎማው ላይ ቀለል ተደርጎ ይሞከር። አምራቹ የወሰነው ጊዜ ሳይታለፍ፣ ከረጅም ጉዞም በፊት ይህን ማድረግ ግዴታ ነው። ነሐስ ከናይሎን የሚበልጠው ግሪስ ሲያገኝ ነውና፣ ግሪስ የተነፈገ የነሐስ ቡሽ የወጣበትን ገንዘብ ከንቱ ያደርጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሊዘነጋ አይገባም። ወፍራም ሰሌዳና የነሐስ ቡሽ የቤቱን የመሸከም ልክ ከፍ አያደርጉም። አክስሉ፣ ጎማውና ሻንሲው የቀድሞዎቹ ናቸውና በአምራቹ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የክብደት ወሰን እንደ ጸና ይኖራል። ማሻሻያው ዕቃ ለመጨመር ፈቃድ ሆኖ ከተቆጠረ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

እንግዲህ ይህ ሥራ ልዩ ጥበብ ሳይሆን ትዕግሥትና ትክክለኛ ልክ የሚጠይቅ ነው። ባለቤቱ በራሱ እጅ ቢሠራው የድካሙን ዋጋ ከማትረፉም በላይ እያንዳንዱ ቡሎን በምን ሁኔታ እንዳለ ያውቃል። የብየዳ ሥራ ሲያጋጥም ወይም ስለ ልኩ ጥርጣሬ ሲነሣ ግን ባለሙያን መጥራት ይገባል። በየጊዜው ከቤቱ ሥር ዝቅ ብሎ የሚመለከትና የግሪስ ፓምፑን የማይረሳ ባለቤት ቤተ ሰቡንም ሌላውንም መንገደኛ ከአደጋ ይጠብቃል።