መኪናን ዝቅ ማድረግ፦ ስንት ሴንቲ ሜትር ይበቃል?

ከመሬት ዝቅ ያለ መኪና ለዓይን ያምራል፤ ሲታጠፍም መሬት ቆንጥጦ የሚሄድ ይመስላል። በዚህም የተነሣ በርካታ አሽከርካሪዎች፣ በተለይም ወጣቶች፣ ከፍታው የሚስተካከል ሰስፔንሽን ለመግዛት ሲነሡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መኪናዬን ምን ያህል ዝቅ ያደርግልኛል?» የሚል ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ ለጎማው ስንት ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀሻ ይቀርለታል? በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ሳንርቅ እንመለከታለን።

የሞላውና የሾክ አብዞርበሩ የሥራ ድርሻ

ሞላው የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ጎማው ጉብታ ሲመታም ታምቆ ኢነርጂ ያከማቻል። ሾክ አብዞርበሩ በበኩሉ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ ይህን ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለውጣል። እርሱ ባይኖር ኖሮ መኪናው ከአንድ ጉብታ በኋላ ብዙ ጊዜ ይዋዥቅ ነበር።

ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት የሞላ ኃይል ከታመቀበት ርቀት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ካረፈበት ቦታ ጀምሮ ሞላው ተጨማሪ ሲታመቅ ድንጋጤውን ለመቀበል የሚውለው ኢነርጂ፣ የሞላው ጥንካሬ በርቀቱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ይገኛል። «ካሬ» የምትለዋን ቃል ልብ እንበል፤ የነገሩ ቁልፍ እርሷ ናት።

ትርፉ

በሞላዎቹ ላይ ያረፈ 1,200 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ ያለው መኪና እንውሰድ። የስበት ማዕከሉ ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ይሁን። መኪናው በሴኮንድ ካሬ 5 ሜትር በሆነ የጎን ፍጥንጥነት ሲታጠፍ፣ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚዛወረው ጫና 2,200 ኒውተን ነው። መኪናውን 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብናደርገው ይህ ጫና ወደ 2,040 ኒውተን ይወርዳል። ትርፋችን 7 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው።

ኪሳራው

አሁን አንዱን ጎማ ለብቻው እንመልከት። ድርሻው 300 ኪሎ ግራም፣ የሞላው ጥንካሬ በሜትር 20,000 ኒውተን፣ ወደ ላይ ያለው መንቀሳቀሻም 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ 64 ጁል ይቀበላል። መንቀሳቀሻው ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ግን የሚቀበለው 16 ጁል ብቻ ነው፤ አቅሙ በ75 በመቶ ቀነሰ። ቀድሞ በዝግታ ይታለፍ የነበረ ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አሁን ሰስፔንሽኑን ከጫፉ ያጋጫል። ድንጋጤውም በቀጥታ ወደ ሻንሲው ያልፋል።

የጠፋውን አቅም ለመመለስ የሞላው ጥንካሬ በአራት እጥፍ ማደግ አለበት። ይህም መኪናው የሚዋዥቅበትን ድግግሞሽ ከ1.3 ወደ 2.6 ኸርዝ ያሳድገዋል። የመጀመሪያው ቁጥር የምቹ የቤት መኪና ነው፤ ሁለተኛው ወደ እሽቅድምድም መኪና ይጠጋል። ሸካራ መንገድ ላይ እንዲህ የደረቀ መኪና ጎማው በየጊዜው ከመሬት ይለቃል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም።

ከዚህ አንድ ቀላል ሕግ እናገኛለን፦ የኢነርጂው መጠን ካልተለወጠ፣ ድግግሞሹ ሲባዛ በቀሪው መንቀሳቀሻ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። በምሳሌያችን ውጤቱ 10.4 ነው። መኪናውን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብናደርግ 6 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ድግግሞሹም 1.73 ኸርዝ ይሆናል። ይህ ጠንከር ያለ ቢሆንም ለዕለት ተዕለት ጉዞ የሚቻል ነው። እርግጥ ሾክ አብዞርበሩና በጫፉ ያለው ላስቲክ የድንጋጤውን ከፊል ስለሚወስዱ ስሌታችን ግምታዊ ነው፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

እንዴት እንምረጥ?

አንደኛ፣ የማስተካከያውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በአንደኛው ዓይነት ሞላው የተቀመጠበት ዳዶ ብቻ ይዞራል፤ መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር የሾክ አብዞርበሩ መንቀሳቀሻ ያጥራል። በሌላው ዓይነት የታችኛው መያዣም ስለሚዞር የጠቅላላው ርዝመት ይቀንሳል እንጂ የሾኩ መንቀሳቀሻ አይነካም። ይሁንና በዚህኛው ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ስለሚችል፣ መካኒኩ ሞላውን አውጥቶ ጎማውን በክሪክ ወደ ላይ በማንሣት ክፍተቱን ማረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር አብረው የተጣጣሙ መሆን አለባቸው። የሞላው ጥንካሬ አራት እጥፍ ሲሆን የአሮጌው ሾክ አንጻራዊ የማረጋጋት አቅም በግማሽ ይቀንሳል። ሞላ ቆርጦ ማሳጠርም መፍትሔ አይደለም፤ ከስድስት ጥምዝ አንዱን መቁረጥ ጥንካሬውን የሚጨምረው በ20 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዚህም በላይ የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዳዶውን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። በሁክ ሕግ የሚመራ ሞላ ጥንካሬው ቋሚ ነው፤ ዳዶው የሚለውጠው ከፍታውን ነው።

በመጨረሻም ከፍታ ሲለወጥ የጎማ አላይመንትና የፊት መብራት አቅጣጫ እንደገና መስተካከል አለባቸው። በጀርመን እንዲህ ያለ ለውጥ የተደረገበት መኪና እንደ ቲዩፍ ባሉ መርማሪ ድርጅቶች መታየቱ ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ማጠቃለያ

ዝቅ ማለት የሚያስገኘው ትርፍ ከቁመቱ ጋር በቀጥታ ይጓዛል፤ የሞላው ድንጋጤ የመቀበል አቅም ግን ከቀሪው መንቀሳቀሻ ካሬ ጋር ይቀንሳል። ስለዚህ ለመንገድ መኪና ጥሩ ምርጫ የሚባለው ብዙ ዝቅ የሚያደርገው ሳይሆን ለጎማው በቂ መንቀሳቀሻ የሚተውለት ነው።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ በምሳሌያችን መኪና ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብንል የሞላው ጥንካሬና ድግግሞሹ ስንት መሆን አለባቸው?