አደራን መቀበልና አደራን ማስረከብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ የአገልግሎት ዘመናችን ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ተተኪዎቻችን ተመርጠዋል፤ እኛ ግን መዝገቡንና ቁልፉን ለማስረከብ እጃችን እንደ ከበደ አንሸሽግም። ስለዚህ «ኃላፊነት እንዴት ይተላለፋል?» የሚለውን ዛሬ አብረን እንማር።

ሙሴ ዮርዳኖስን እንደማይሻገር በተነገረው ጊዜ እግዚአብሔርን የለመነው ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው መንጋ እንዳይሆን ነበር (ዘኍልቍ 27)። ኢያሱንም በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቁሞ እጁን ጫነበት። ሥራው የተፈጸመው በሕይወት ሳለ፣ በስውር ሳይሆን በግልጥ ነው። ሐዋርያትም በይሁዳ ፋንታ ማትያስን ሲተኩ ከመጀመሪያው አብሯቸው የነበረውን ሰው ፈለጉ (የሐዋርያት ሥራ 1)።

የቤተ ክርስቲያናችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. በካይሮ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በእርጅናቸው ዘመን አቡነ ቴዎፍሎስ እንደራሴ ሆነው ሥራውን ለመዱ። ስለዚህ አቡነ ባስልዮስ በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ሲያርፉ መንበሩ ሳይናወጥ፣ አቡነ ቴዎፍሎስ ግንቦት 1 ቀን በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ተሾሙ።

በየካቲት 1968 ዓ.ም. ግን ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረደ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። እርሳቸው በእስር በሕይወት ሳሉ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስለ ተሾሙ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን አልተቀበለችም። የአዲሱ ፓትርያርክ ትሕትናና ጾመኝነት የታወቀ ነበር፤ ሆኖም የተተኪው መልካምነት የአተካኩን ስሕተት አላረመውም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት ሳሉ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙና ለ26 ዓመታት ያህል አባቶች ተለያዩ። እርቅ የወረደው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ይህ የታላላቆች ነገር ብቻ አይምሰለን። የቆቦን ሜዳ እንመልከት። ከምዕራብ ተራሮች ጎርፍ ሲወርድ ገበሬዎቻችን ጠልፈው ወደ ማሽላው ማሳ ይመሩታል። የላይኛው ገበሬ ማሳው ከጠጣ በኋላ ውኃውን ካልለቀቀ የታችኛው ማሽላ ይደርቃል፤ የራሱም ማሳ በውኃ ብዛት ይበላሻል። ሹመትም እንዲሁ ነው፤ ለራስ ብቻ ሲያስቀሩት ሁለቱንም ይጎዳል።

እኛ ኃላፊነቱን ስንረከብ የተጻፈ መዝገብ አልነበረምና የሕፃናቱን ስም ቤት ለቤት ዞረን ጽፈናል። ተተኪዎቻችን በዚህ እንዳይደክሙ የሚከተለውን ወስነናል፦

1. መዝገቡን፣ ከበሮውንና የመዘምራኑን ልብስ በጉባኤ ፊት ቆጥረን እናስረክባለን።
2. የምናውቀውን ሁሉ እናስተምራቸዋለን፤ የደበቅነው ነገር እንዳይኖር።
3. ካስረከብን በኋላ ከኋላ ተቀምጠን እንዘምራለን፤ ሲጠይቁን እንመክራለን እንጂ አናዝም።

ተተኪዎቻችን ሆይ፤ እናንተም ለመጠየቅ አትፈሩ፤ የእናንተም ተራ ያልፋልና ከዛሬ ጀምራችሁ ታናናሾቻችሁን አስለምዱ።

ለውይይት፦ ከእኛ መካከል ቁልፍ ይዞ የማይለቅ ማን ነው? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።