ጠበቃና የድምፅ ባለሙያ በችሎት

ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ በዑመር ሐሰን አል በሽር የተመራ የጦር መኮንኖች ቡድን ሕዝብ የመረጠውን የሳዲቅ አል ማህዲን መንግሥት ገለበጠ። አል በሽርም ሱዳንን ሠላሳ ዓመት ያህል ከገዙ በኋላ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ተወገዱ። ስለዚሁ መፈንቅለ መንግሥት ከሃያ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ተከሰው ሐምሌ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በካርቱም ችሎት ፊት ቀረቡ።

የመጀመሪያው ቀን ችሎት ግን ብዙ ሳይራመድ ተነሣ። አዳራሹ ለጠበቆቹና ለተከሳሾቹ ቤተሰቦች አልበቃም ነበር፤ ስለሆነም ዳኛው ሰፋ ያለ ቦታ እንዲዘጋጅ ለነሐሴ 5 ቀን ቀጠሩ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ፍርድ በሕግ ዕውቀት ብቻ አይካሄድም፤ የሚነገረው ሁሉ ሊሰማና ሊታይ ይገባል።

ተከራካሪዎች በበዙበት ችሎት ይህን ሥራ የሚያቃናው የድምፅና የምስል ባለሙያ ነው። ጠበቃው አስቀድሞ ማስረጃዎቹን በተራ ቍጥር ጽፎ ያስረክበዋል። ባለሙያውም የተቀረጸው ድምፅ ጥርት ብሎ መሰማቱን፣ ምስሉም ለዳኛው፣ ለምስክሩና ለተቃራኒው ወገን እኩል መታየቱን ይመረምራል። በክርክሩ ጊዜ ጠበቃው ቍጥሩን ሲጠራ ማስረጃውን ያሰማል፤ ተቃውሞ ሲነሣ ዳኛው ብይን እስኪሰጡ ድረስ ያቆማል። ከተቀረጸው ላይ አንዲት ቃል እንኳ አይቀንስም፤ አይጨምርምም። አገልግሎቱ ለችሎቱ እንጂ ለአንዱ ወገን አይደለምና። ጠበቃውም በበኩሉ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀርቦ፣ ቃሉን ሳያጣድፍ ይናገራል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ የማንኛቸውም ቃል በሚገባ አይቀረጽም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ያን ክርክር አቋረጠው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የቃል መዝገብ ዋጋ ጎልቶ ይታያል። ምስክር ይሞታል፤ ይሰደዳል፤ ያየውንም ይረሳል። በጥንቃቄ የተቀረጸ ቃሉ ግን ተጠብቆ ከተገኘ ለሚመጣው ችሎት ይደርሳል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አበው፣ ተሸናፊም ቢሆን ቃሉ እንዲሰማለት ይሻልና።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. የመጀመሪያው ቀን ችሎት ለምን ተነሣ?
2. ባለሙያው ተቃውሞ ሲነሣ ምን ያደርጋል? ለምን?
3. ምሳሌያዊው አነጋገር ከምንባቡ ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዱ።

ለ. በሚከተሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ብይን፣ ችሎት፣ ማስረጃ፣ ተቃውሞ