ሜታኖል መርከብን ያጸዳል?

ጥያቄ፦ የጭነት መርከቦች በሜታኖል መጓዝ ጀመሩ ሲባል ሰማሁ። እውነት ካርቦን ይቀንሳል?

መልስ፦ የሚወስነው ሜታኖሉ ከምን እንደተሠራ ነው። በገበያ ያለው አብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ከፋብሪካው ጀምሮ ሲሰላ ከተለመደው የመርከብ ነዳጅ አይሻልም፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። በ2023 ሥራ የጀመረችው ኮንቴይነር ጫኟ «ላውራ ሜርስክ» ግን በመጀመሪያ ጉዞዋ የተጠቀመችው ከቆሻሻ መጣያ በሚወጣ ጋዝ የተሠራውን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ጣጣ ቦታ ነው፦ ለተመሳሳይ ርቀት ሜታኖል ከተለመደው ነዳጅ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚይዝ የነዳጅ ታንከር ይፈልጋል፤ ይህም የጭነት ቦታ ይሻማል። ሌላው አማራጭ ነዳጅ አሞኒያስ? ካርቦን የለውም፤ ነገር ግን ቢያፈተልክ መርከበኛ ሊገድል ይችላል። በተለመደው ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየውን ሜታኖል ለጊዜው እመርጣለሁ፤ ንጹሑ በበቂ መጠን ከተገኘ።