በየቀኑ ጥቂት ስለ መማር

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ምሳሌ በጎጃም ገጠር የማያውቅ የለም። ነገር ግን ምሳሌውን የሚናገር ሁሉ ዶሮዪቱን አይመለከትም። ዶሮዪቱ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ እህልና ውሃ ፍለጋ ብትነሣም እንቁላሉ ሳይበርድ ፈጥና ትመለሳለች። ሦስት ቀን ትታው ሄዳ በአራተኛው ቀን አብዝታ ብትታቀፈው ጫጩት አይወጣም። እንግዲህ የምሳሌው ፍሬ በዝግታው ሳይሆን ባለመቋረጡ ላይ ነው።

ይህንኑ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር በርበሬ የሚተክል ገበሬ ሁሉ በሥራው ያውቀዋል። ዘሩን በመደብ ላይ ከዘራ በኋላ ችግኙ ለማሳ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ወር ያህል ይጠብቀዋል፤ መደቡን በሣር ይከድናል፤ ውሃውንም ጧትና ማታ በልክ ያጠጣዋል። ሳምንት ሙሉ ረስቶት በአንድ ቀን ብዙ እንስራ ውሃ ቢያፈስበት የደረቀው አይነሣም፤ የቀረውም ይበሰብሳል። ይኸው ብልህ ገበሬ ግን ልጁን ማክሰኞ ለከብት ጥበቃ፥ ሐሙስ ለገበያ ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ልጁ ማንበብ ሲያቅተው መምህሩን ይወቅሳል። መምህሩም በበኩሉ የጠፋውን ቀን ለመመለስ ሲል የሳምንቱን ትምህርት በአንድ ጧት በልጁ ላይ ያፈስበታል። ሁለቱም ለችግኝ የማያደርጉትን ለልጅ ያደርጋሉ።

የቀደሙት የጎጃም የቅኔ መምህራን ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው ሲጠራ ሰው ሁሉ የደቀ መዛሙርቱን ብሩህ አእምሮ ያደንቃል፤ ይልቁንም ሊደነቅ የሚገባው ቀን የማያስታጉለው ሥርዓታቸው ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ቍራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ግሱን ያጠናል፤ ከዚያም ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ወዲያው ያቃናለታል። ጀማሪ የሆነ እንደ ሆነ 2 ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና አያልፍም፤ ይህ ሲቀናው 3 ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፥ ቈይቶም 5 ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማና 6 ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ ይሻገራል። 8 ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ገና በገባበት ቀን መወድስ ቍጠር የሚባል ተማሪ የለም። ደግሞም ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን ስላለበት የትናንቱን ዛሬ መድገም አይቻልም፤ ስለዚህ ሰነፍ ተማሪ አከማችቶ የሚያርፍበት ጎተራ የለውም። ከዚያ ቤት ረኃቡንና አለንጋውን መውረስ አያስፈልግም፤ ልኩን መውረስ ግን እጅግ ይጠቅማል።

በጀርመን አገር ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ሊቅ ይህንኑ ነገር በራሱ ላይ ፈትኖ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በቍጥር አሳይቷል። ትርጕም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በተርታ ጽፎ በቃሉ ያጠና ነበር። 12 ክፍለ ቃል ያለበትን ተርታ በ3 ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ያህል መድገም፥ በአንድ ጊዜ ተቀምጦ 68 ጊዜ ከመድገም የማያንስ ጥቅም ሰጠው። የቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ ብዙም አይደነቅ ይሆናል።

ሥራው ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሲሆንም መንገዱ ያው ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ደከሙበት፤ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና አልታተመም ነበር። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ከእርሳቸው ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። መዝገበ ቃላት አንድ ቃል በአንድ ቃል ላይ እየተጨመረ እንጂ በሌላ መንገድ አይጻፍም።

በመንደር ትምህርት ቤትም ልክ መወሰን ከመምህሩ ይጀምራል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ብዛቱን ሕፃን በአንድ ጊዜ ቢያየው ይፈራል። በቀን አንድ ተርታ ግን 7 ቅርጽ ብቻ ነው፤ በየማለዳው የትናንቱ አስቀድሞ እየተደገመ በ33 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። ወላጆችም ከእራት በፊት ለልጁ ጥቂት ጊዜ ቢተዉለት ትልቅ ርዳታ ነው፤ ፊደል ያልቈጠሩ እንኳ ቢሆኑ፥ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ የት ላይ እንደ ተደናቀፈ በጆሯቸው ይለዩታል። ከብት ጥበቃው ግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ወንድምና እኅት ከፊለ ቀን በከፊለ ቀን ቢፈራረቁ አንዱ ሙሉ ሳምንት ከመቅረት ይድናል።

ከቀናት በኋላ የሚመለስ ልጅ ሲገኝ መምህሩ ጓደኞቹ ከደረሱበት ገጽ ላይ አያስቀምጠው፤ በሰው ፊትም አይዝለፈው። ካቆመበት ተርታ ላይ ግማሹን ብቻ ይስጠው፤ በነጋታው ያንኑ ግማሽ ይጠይቀው፤ ልጁም በትክክል ከመለሰ ሌላውን ግማሽ ይጨምርለት።